ያለምወርቅ ለማን ጎንበስ አለች

ጥር ስድስት ቀን ነበር። አክበረት ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ቆይ እንጂ፣ ጥር ስድስት በእኛ ነው ወይስ በእነሱ?» አለች ድምፅዋን አውጥታ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም።

በእኛ ከሆነ ግዝረት ነው፤ ለግዝረት ደግሞ ስቶክሆልም ውስጥ ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው አይታ አታውቅም። በእነሱ ከሆነ ግን የገና ዋዜማ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ጋቢው ያለ ምክንያት አልተለበሰም። የያለምወርቅ ባል ተገኝ ያን ምሽት በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ጋቢው ላይ በረዶ ተነጥፎበት፣ ከአንድ ሐውልት ሥር ቆሞ ይስቅ እንደነበር ዓይኗ አይቷል። ዓይኗ ካላየ ማን ነገራት? እዚህ ላይ ስትደርስ ራሷን መጠርጠር ጀመረች። ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር መሆኑ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ጋቢውን ከአንዱ ዓመት፣ በረዶውን ከሌላው ዓመት አምጥቶ አንድ ላይ ይሰፋዋል።

የምትጽፈው የወይዘሮ ያለምወርቅን የሕይወት ታሪክ ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ብርቅአየሁ ናት። ያለምወርቅ በመስከረም ማለቂያ ጡረታ ልትወጣ ነው፤ እስከ ዛሬ ጡረታ ለወጣች ሁሉ የአንገት ወርቅ ተሰጥቷል፤ ለያለምወርቅ ግን ታሪኳ ተጽፎ በድግሱ ላይ ይነበብላት ተባለ። አክበረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንታለች፤ እዚህም በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ታስተምራለች። መጻፉ ያለ ውይይት እሷ ላይ ወደቀ።

ያለምወርቅ ነገሩ ሲነገራት የያዘችውን ሻይ አስቀመጠች።

«የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ሬሳ ሲወጣ ነው» አለች። «ምን አስቸኮላችሁ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ጠርጣራ ሴት ናት። አዲስ ሰው ሲደውልላት ከሰላምታ በፊት «ቁጥሬን ማን ሰጠህ?» ትላለች። ጎረቤት ምግብ ሲልክላት ታመሰግንና፣ ሳህኑን ስትመልስ ምን አስቦ እንደላከ ለማወቅ ፊቱን ታጠናለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአፏ አይጠፋም። አብዛኛው ሰው ጠባይዋ ነው ብሎ ይስቃል። አክበረት ግን አመሏ ከየት እንደመጣ የምታውቅ ይመስላት ነበር። ያለምወርቅ በወጣትነቷ አዲስ አበባ ቴሌ የስልክ አገናኝ ነበረች። በዚያ ዘመን የሰው ፍቅር፣ የሰው ጠብ፣ የሰው ሞት በጆሮዋ ሲያልፍ ኖሯል። «በጆሮ ይገባል፣ በአፍ አይወጣም» ተብላ ነው ሥራ የጀመረችው፤ ቴሌን ትታ ከወጣች በኋላም ደንቡን አልተወችውም።

ያም ሆኖ አልቀረችም፤ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሮግስቬድ፣ አክበረት ቤት መጣች። ጉለሌ መወለዷን፣ ተገኝ ለትምህርት ቀድሟት እንደመጣ፣ ከተጋቡ በኋላ እሷንም እንዳስመጣት ነገረቻት። ተገኝ ትምህርቱን ጨርሶ በሙያው ሥራ ሲያጣ ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር የመጋዘን ሠራተኛ ሆነ። እሷ በከተማው ደቡብ ክፍል የአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ታጸዳ ነበር። ሊሊ ተወለደች። ሊሊ ገና ጥርስ ሳትቀይር ተገኝ በልብ ሕመም ሞተ። ከዚያ ያለምወርቅ ኮርስ ወስዳ ሄምሼንስት ገባች፤ ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው የሚያስረዳበት ሥራ ነው። ስለምትረዳቸው ሰዎች ማውራት ክልክል ስለሆነ በስም አትጠራቸውም። አንዷን «የጠዋቷ» ትላለች፤ ሌላውን «የቀትሩ»፤ አንዱን ደግሞ «የውሻው»። እስከ ዛሬ ከእነዚህ ቅጽል ስሞች ያለፈ አንድ ቃል የሰማ የለም።

«የጠዋቷ ምን ዓይነት ሰው ናት?» ብላ አክበረት ጠየቀቻት።

«የጠዋት» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ፎቶው የወጣው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው።

ያለምወርቅ በየጠዋቱ ከቱነልባናው፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወጥታ የምታልፍበት አንድ ትንሽ አደባባይ አለ። ከአደባባዩ ራስ ላይ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱ የአንድ የጥንት ብረት ነጋዴ ነው። ሐበሾቹ ስሙን መጥራት ስለሚከብዳቸው «ብረቱ ሰውዬ» ይሉታል። የሰውዬው ብረት በመርከብ እየተጫነ ወደ አፍሪካ ዳርቻ ሲሄድ ከፊሉ ሰው መግዣ፣ ከፊሉ ሰው ማሰሪያ ሆኗል። ይህ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሐውልቱ ይነሣ አይነሣ የሚለው ክርክር ግን የተፋፋመው ባለፉት ሁለት ዓመታት ነው። አንዱ ወደ ሙዚየም ይሂድ ይላል፤ ሌላው ታሪካችን ነው አትንኩት ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሥሩ ላይ የማስታወሻ ሰሌዳ ይለጠፍበትና ይቁም ይላል። ኮሙኑም የሰፈሩን ሰዎች አሰባስቦ ሊያወያይ ቀን ቆረጠ።

ይነሣ ከሚሉት ግንባር ቀደሟ ሊሊ ነበረች፣ የያለምወርቅ ልጅ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ጓደኞቿ እኩል ውጤት ይዛ፣ እኩል ማመልከቻ አስገብታ፣ እነሱ ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ እሷ ሳትጠራ የቀረችበትን ጊዜ አክበረት ታስታውሳለች። ልጅቷ ያን ጊዜ አላለቀሰችም። የሐውልቱን ጉዳይ ይዛ ተነሣች።

ያን ሰሞን አንድ ልደት ላይ ኤርሚ ይህንኑ አንሥቶ ሲነካካት ነበር። ኤርሚ በዚያ ሰፈር በኩል የሚያልፍ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አገር ቤት የተመረቀው በምህንድስና ነው፤ በሃይማኖቱ ደግሞ ጴንጤ ነው።

«ሊሊዬ፣ ሰውዬው ቢወርድ እኔ ከአውቶቡስ ወርጄ ቢሮ ልገባ ነው?» አላት።

ሊሊ አማርኛ አሳምራ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። «አውቶቡሱ ላይ ለምን እንደተቀመጥክ ማን ጠይቆህ ያውቃል?» አለችው። «እኛ የምንጠይቀው እሱን ነው።»

ኤርሚ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ተወው። አክበረት ይህን ስትሰማ ሌኒንን አሰበች። ተማሪ ሳለች የአዲስ አበባው ሌኒን ከመቆሚያው ሲወርድ ካጨበጨቡት አንዷ ነበረች። ሌኒን ወረደ፤ በማግስቱ የዳቦው ሰልፍ እዚያው ቦታው ነበር። ግን ያ ቀን ለምን እስከ ዛሬ ደስ እንደሚላት ለራሷም አስረድታ አታውቅም።

ፎቶው መጀመሪያ በሰፈሩ ሰዎች የኢንተርኔት ገጽ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ጋዜጣ አነሣው። ማለዳ ነው። አንዲት ጥቁር ሴት፣ ከጃኬቷ በላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ በብረቱ ሰውዬ ፊት ከወገቧ ጎንበስ ብላለች። ሰውዬው አገጩን ቀና አድርጎ ከላይ ያያታል። ከሥሩ «እሷ ታከብረዋለች፤ እናንተስ?» የሚል ተጽፎበታል።

ፊቷ ባይታይም ሐበሻ ሁሉ በነጠላው አወቃት። ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ናት፤ የሉተራኖቹም ቢሆን። ብርቅአየሁ አንድ ጊዜ «የእኛ አይደለም እኮ» ብትላት፣ «በሩ ላይ መስቀል ካለ እኔ ምን ቸገረኝ» ብላታለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ነገሩን ወዲያው ተረዳው፤ የተሳለመችው ቤተ ክርስቲያኑን ነው፣ ፎቶው ግን ቤተ ክርስቲያኑን ቆርጦ ሰውዬውን ብቻ አስቀርቷል። የቀረው ጥያቄ ማን አነሣው የሚለው ነበር።

ኤርሚን ጠረጠሩት። ፎቶው የተነሣው ከፍ ካለ ቦታ ነው፣ የአውቶቡስ ሾፌር የሚቀመጥበት ያህል። ደግሞም ከዓመታት በፊት እዚያው አደባባይ አጠገብ ፌርማታው ላይ መስኮቱን ከፍቶ «እትዬ ያለም፣ ዛሬ ደግሞ ለነሐስ ነው የሚሰግዱት?» ብሏት እንደነበር ራሱ እየሳቀ ተናግሯል። ያን ጊዜ ሁሉም ስቆለት ነበር። አሁን ያ ቀልድ ማስረጃ ሆነበት። ልጆቹን እየጠራ ማለ። ሰዎቹ እሺ እሺ አሉት፤ ማንም ግን ከልቡ አላመነውም።

ኤርሚን ያዳነችው ራሷ ያለምወርቅ ናት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሴቶቹ ስሙን ሲያነሡ ሰምታ ቆመችና «ኤርሚ አይደለም» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?» አለቻት ብርቅአየሁ።

«አይደለም አልኩ እኮ።»

እንዲህ ስትል ጥርጣሬው ከኤርሚ ላይ ተነሥቶ በእሷው ላይ አረፈ። የሚያውቅ ሰው ለምን አይናገርም? የምትሸፍንለት ሰው ማነው? አንዳንዶቹም ሳታውቅ አልተነሣችም አሉ። አክበረት እንዲህ የሚሉትን ስትገሥጽ ቆየች፤ ቤቷ ስትገባ ግን የጻፈችውን አውጥታ እንደገና አነበበች፤ የምታነበውም እንደ ወዳጅ አልነበረም።

የዚያኑ ሳምንት ሊሊ ደወለችላት። ፎቶው ከወጣ ጀምሮ ልጅቷ አልቢ ወደሚገኘው የእናቷ ቤት አልገባችም፤ ጓደኛዋ ዘንድ ነው የምታድረው። አብረዋት የሚታገሉት ልጆች ስለ እናቷ አንድም ቃል አልጠየቋትም፤ ስትገባ ግን ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እናቷን ደጋግማ ጠይቃታለች። እናቷ መልስ አልሰጠቻትም፤ «ለቤተ ክርስቲያኑ ነው» እንኳ አላለችም።

«አንቺ ጠይቂያት» አለቻት ለአክበረት። «ታሪኳን እየጻፍሽ አይደል? ለቤተ ክርስቲያኑ ከሆነ ውይይቱ ላይ ቆማ ትናገር። ካልተናገረች እኔ ምን ብዬ ነው የማምነው?»

አክበረት እሺ አለች። በማግስቱ ወረቀቶቿን ይዛ አልቢ ሄደች። ያለምወርቅ በሩን ከፈተችላት፤ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ወረቀቶቹ ላይ ነው።

«ሊሊ ናት የላከችሽ» አለች።

አክበረት ወረቀቶቹን ወደ ቦርሳዋ ከተተች።

«አየሽ፣ እኔ ገና ስትጠሩኝ አውቄዋለሁ። ታሪክሽን እንጻፍልሽ የሚል ሰው አንድ የሚፈልገው ነገር አለ።» ከዚያም ወንበር ሳበችላት፤ አምባሻ ቆርሳ አቀረበችላት፤ ስለ ብርቅአየሁ ጉልበት፣ ስለ ድግሱ አዳራሽ አወራቻት። ስለ ፎቶው ሲነሣ ግን ተነሥታ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች። አክበረት ስትወጣ በሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ አለቻት፦ «ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነገር አላወራም። ይህን ጻፊው።»

ከሥራዋ ጋር? አክበረት በቱነልባናው ውስጥ ይህን ቃል ስታመነዥክ ሄደች። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ከሥራ ጋር ምን አገናኘው?

በነጋታው ማለዳ ከማስተማሯ በፊት አደባባዩ ሄደች። ቀዝቀዝ ስላለ ራሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች። ፎቶውን በስልኳ ከፍታ፣ የብስክሌት ማሠሪያውን ምልክት አድርጋ፣ ያለምወርቅ የቆመችበትን ቦታ ፈለገችና ቆመች። ቀና ስትል ግራ ገባት። ከዚያ ቦታ ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም። የሐውልቱ ድንጋይ መቆሚያ በሩንም መስቀሉንም ጋርዶታል። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ብትል ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው እንዴት ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አይልም?

ደግሞም አውቶቡስ በዚህ ጎን አያልፍም። ፎቶው የተነሣበትን አቅጣጫ ለማግኘት በቀኝ በኩል ያለውን ሕንፃ ቀና ብላ አየች። አንደኛ ፎቅ ላይ መብራት የበራበት መስኮት አለ። መስኮቱ ላይ አንዲት በጣም ያረጁ ሴት ተቀምጠዋል። አክበረትን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፣ እጃቸውንም አነሡ። ከዚያ ትኩር ብለው አዩዋትና ሌላ ሰው መሆኗን ለዩ። እጃቸው ወረደ። መጋረጃው ተሳበ።

የጠዋቷ እኚህ ናቸው አለች አክበረት በልቧ። ፎቶውን ያነሡት እኚህ ናቸው፤ ምናልባት የሚወዷትን ረዳታቸውን መምጣት ሲጠብቁ፣ ምናልባት ለልጅ ልጃቸው ሊልኩ። ያለምወርቅ አውቃለች፤ ደንቡም፣ አመሏም ስለሚከለክላት ዝም ብላለች። አክበረት የጥርጣሬው ቋጠሮ ስለተፈታላት ተደስታ ለመሄድ ዞረች። ያን ጊዜ የሕንፃውን በር አየችው። አወቀችው።

ያ በር ነው። ያለምወርቅ ድሮ ደረጃ ታጸዳበት የነበረው ሕንፃ ይህ ነው።

ያን ምሽት፣ የገና ዋዜማ ይሁን ግዝረት፣ ተገኝ ሚስቱን ከሥራ ወስዶ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ፣ ብርድ ስለነበር በሩን አልፎ ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቃት። ነጭ ጋቢ የተከናነበ ጥቁር ሰው። ከነዋሪዎቹ አንዱ አይቶ ደወለ፤ ሁለት የጥበቃ ሰዎች መጡና አስወጡት። ሚስቴ ላይኛው ፎቅ እየወለወለች ነው ቢላቸው አልሰሙትም። አክበረት አብራቸው ልትሄድ ስትደርስ ከሐውልቱ ሥር ቆሞ አገኘችው። «ከአንደኛ ፎቅ ነው የደወሉት» አላት እየሳቀ፤ ሳቁን ግን ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚስቀው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ያለምወርቅን የሚጠብቃት እዚያው ሐውልቱ ሥር ነበር። በዚያ ሰፈር ጥቁር ሰው ቆሞ ሲገኝ ለምን ቆምክ የማይባልበት ቦታ አንድ እሱ ብቻ ነው ይል ነበር፤ ሐውልት ሥር የቆመ ሰው ጎብኚ ይመስላል። ከባቡር ጣቢያ የከተማ ካርታ ወስዶ፣ ገልብጦ ይዞ፣ ሚስቱ ስትወጣ ያስቃት ነበር።

ያለምወርቅ ከቀብሩ በኋላ ነገሩን የሚያውቁትን ሁሉ ለምናቸዋለች። «የደረጃውን ነገር ለልጄ እንዳትነግሯት። የተወለደችው እዚህ ነው፤ አገሯ ነው። ከአገሯ አታጣሏት።» ማንም አልነገራትም። እንግዲህ ያለምወርቅ በፎቶው ላይ ለማን ጎንበስ እንዳለች ለሊሊ ብትናገር፣ አባትሽ እዚያ ለምን ይቆም ነበር የሚለው ይከተላል። ዝም ካለች ደግሞ ልጇን እያጣቻት ነው።

አክበረት ይህን ሁሉ አሰበችና በመጨረሻ የመጣባት ሐሳብ ከሁሉም የባሰ ነበር። መጋረጃው የተሳበበትን መስኮት እንደገና አየችው። አንደኛ ፎቅ። ሴትዮዋ በዚያ ቤት ስንት ዓመት ኖረዋል? ያን ምሽት የደወሉት እሳቸው ከሆኑስ? ያለምወርቅስ ታውቃለች? አውቃ ነው በየጠዋቱ የምታጥባቸው፣ የምታጎርሳቸው? ልትጠይቃት ወሰነች። ለጽሑፉ አይደለም፤ ጽሑፉን ረስታዋለች።

ውይይቱ የተደረገው አንድ ሐሙስ ማታ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ከመጣ ብለው አክበረትን ለትርጉም ጠርተዋታል። ሊሊ ከጓደኞቿ ጋር ፊት ተቀምጣለች። ፎቶው በግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ በርቷል።

አንድ ጢማም ሽማግሌ ተነሥተው ይህችም ሴት የከተማዋ ነዋሪ ናት፣ ክብሯን የምትሰጠው ለማን እንደሆነ ታውቃለች፣ እሷንም እንስማት አሉ። ከሊሊ ጎን የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ተነሥቶ ሐውልቱ የማን እንደሆነ ያልነገራት ሰው ነው ጥፋተኛው፣ እሷማ አታውቅም አለ። ሁለቱም በጨዋ ቃል፣ በቅን ልብ ነው የተናገሩት። ሁለቱም ስለሌላ አገር ሰው እንደሚያወሩ ነበር። ያለምወርቅ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ትሰማቸው ነበር። አክበረት መግባቷን አላየችም።

ተነሣች። ያለምወርቅ ስዊድንኛ ትችላለች፤ ሃያ ዓመት የሠራችበት ቋንቋ ነው። ግን አክበረትን በእጇ ጠራቻት።

«አንቺ ተርጉሚላቸው» አለች። «እኔ ከልጄ ጋር የማወራው በአማርኛ ነው።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ሥዕሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እናንተ ስትጨቃጨቁ ሳይሆን ድሮ ነው ያወቅሁት። ለእሱ አልሰገድኩም።» አክበረት ተረጎመች። «ሃያ ዓመት በዚህ ሰፈር ገባሁ ወጣሁ፤ እንደምን አደርሽ ያለኝ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ዛሬ ለማን ሰላምታ እንደሰጠሁ ሁሉም ይጠይቀኛል።»

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አወያይዋ ረጋ ብላ እንግዲያው ለማን ነበር ስትል ጠየቀቻት።

«እሱን ለልጄ ነው የምነግራት።»

ሐውልቱ ይነሣ ወይስ ይቅር የሚለውንስ ምን ትላለች? ያለምወርቅ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰውዬ አየችው። እሱን ያየችው ግን ለጥቂት ነው፤ ዓይኗ ወደ እግሩ፣ ወደ ድንጋዩ ማዕዘን ወረደ።

«አንሡት» አለች። «ልጄ ያለችው ልክ ነው። ግን የምታነሡበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩኝ።»

አክበረት ይህን ሁለት ጊዜ ጀምራ ነው የተረጎመችው። አዳራሹ ውስጥ ነገሩን የተረዳ ሰው አልነበረም፤ አወያይዋ ብቻ በትሕትና እናሳውቅዎታለን አለች። ሊሊ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሰዎቹ መካከል መጣችና የእናቷን ቦርሳ ከእጇ ወሰደች።

ሦስቱም አብረው ስሉሰን ጣቢያ ወረዱ። እዚያ የአልቢውና የሮግስቬዱ ባቡር ከአንድ መድረክ፣ ግራና ቀኝ ይነሣሉ። አክበረት ከያለምወርቅ ጎን ጎን ስትሄድ ጥያቄው ምላሷ ላይ ነበር። እንዲያው ከየት ይጀመራል? ሊሊም ከአጠገባቸው ናት። ከሩቅ ለመጀመር አሰበችና «እትዬ ያለም፣ ያ ተገኝን ያስወጡበት ቀን የገና ዋዜማ ነበር አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

ያለምወርቅ ቆመች። የአክበረትን ፊት አጠናችው፣ ሳህን እንደመለሰችለት ጎረቤት።

«ቀኑ ምን ያደርግልሻል?» አለቻት።

«ለጽሑፉ ነው። ደግሞም ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ስለ የጠዋቷ…»

የአልቢው ባቡር ገባ። ሊሊ በሩን ይዛ «እማዬ» አለች። ያለምወርቅ የአክበረትን ክንድ አንድ ጊዜ ጨበጥ አደረገችና ገባች። በሩ ተዘጋ።

በመስኮቱ በኩል እናትና ልጅ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ታዩ። ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ ያለምወርቅ መናገር ጀምራ ነበር፤ ቀኝ እጇን አንሥታ በግራ ትከሻዋ ላይ አዞረች፣ ጋቢ እንደሚደርብ ሰው።